ኩምቢው የወረደ ዝሆን

ቦጋለ ከሚቀርበው ባሕር ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ በመርከብ በረንዳ ላይ ሞቶ ተገኘ።

በረንዳው ያለው በስደት አገር፣ ሴንት ፖል ከተማ፣ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ፣ በጎማ ቤትና በጥፍር ማስዋቢያ ቤት መካከል በተሰነቀረ ሱቅ ጓዳ ውስጥ ነው። «ቦጋለ ክሩዝ» ይላል ማስታወቂያው። ሰውየው ሃያ ሁለት ዓመት ታክሲ ነድቶ ጉልበቱ ከታመመ በኋላ በቅንጡ መርከቦች ላይ ክፍል የሚሸጥ ወኪል ሆነ። ደንበኞቹ መርከብ በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ስለዚህ ጓዳውን አፍርሶ አንድ የመርከብ ክፍል ልክ በልኩ አሠራ። ጠባብ ቁም ሣጥን አለው፤ እንደ ደመና የሚያሰምጥ አልጋ አለው፤ ቧንቧ እንጂ ውኃ የሌለው መታጠቢያ ቤት አለው። በስተመጨረሻ በተንሸራታች መስተዋት የሚዘጋ፣ ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል የሆነ በረንዳ አለ። ከበረንዳው ባሻገር ግድግዳ፣ ግድግዳው ላይ የባሕር ፎቶግራፍ። በደጅ ባቡሩ ሲያልፍ ክፍሉ በትንሹ ይነቃነቃል። ቦጋለ ይህንን «ማዕበል» ብሎ ያስጎበኝ ነበር።

ሕግም አውጥቷል። ወደ ክፍሉ የሚገባ ሰው፣ ራሱ ባለቤቱም ቢሆን፣ የእጅ ስልኩን መግቢያው ጠረጴዛ ላይ ባለ ቅርጫት ውስጥ ይተዋል። «ባሕር ላይ ሲግናል የለም» ይላል። በክፍሉ ውስጥ ያለው ስልክ የሚደውለው ወደ መግቢያው ጠረጴዛ ብቻ ነው፤ ምግብና መጠጥ ለማዘዝ።

ማክሰኞ ጠዋት ሠራተኛዋ ቅድስት ሱቁን ስትከፍት፣ በክፍሉ በር እጀታ ላይ «አትረብሹኝ» የሚል ካርድ ተንጠልጥሎ አገኘች። ቦጋለ በረንዳው ላይ፣ ዝቅ ባለው የመዝናኛ ወንበር ተጋድሞ፣ ፊቱን ወደ ፎቶግራፉ አዙሮ ነበር። ከጎኑ ባዶ የእንቅልፍ ክኒን ጠርሙስ። ፖሊሶች መጡ፤ ፎቶ አነሡ፤ ሃያ ደቂቃ ቆዩ፤ ራስን ማጥፋት ይመስላል ብለው ሄዱ። የደም ምርመራው ውጤት ስምንት ሳምንት ይፈጃል ተባለ።

ሬሳው እስከ ዓርብ ለቤተ ሰቡ ይሰጣል። ቀብሩ ቅዳሜ ነው። ጭንቁም ከዚህ ይጀምራል።

*

አሰፋሽ በአውሮፕላን ማረፊያው አንዲት አሮጊት በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች ወደ በር ስታደርስ፣ ሙሉ ከምሰሶ ሥር ቆማ ስትጠብቃት አየቻት። ሙሉ የቦጋለ ሚስት ናት፤ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በፈረቃ የምትሠራ፣ ሰኞ ሌሊትም ተረኛ የነበረች፤ አሰፋሽ በእድር ታውቃታለች። አሰፋሽ ደግሞ አሁን የምትለብሰው አንጸባራቂ ሰደርያ ቢሆንም፣ በአዲስ አበባ ፖሊስ ወንጀል ምርመራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። እዚህ ስትመጣ የማዕረጓ ወረቀት ለምን እንደሚያገለግል ጠየቀች። «ለማስታወሻ» አሏት።

«አሰፋሽዬ፣ ቀሲስ ቶማስ ፍትሐት አይደረግለትም አሉኝ።»

«ነፍሱን ይማር። ራሱን ላጠፋ አይደረግም እኮ ሙሉ፣ እሳቸው ምን ያድርጉ?»

«እሱ ራሱን አያጠፋም! ባለፈው ሳምንት ሁለት ጥርስ አስተክሏል። ሊሞት ያሰበ ሰው ጥርስ ያስተክላል?»

አሰፋሽ የወንበሩን ፍሬን ረገጠች። የጥርሱ ነገር መጥፎ ሐሳብ አልነበረም።

«ቀሲስ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ በፈረንጅ አራት ሰዓት ይደውላሉ። ሰው ነው ያጠፋው የሚል ነገር ካለኝ ይፈቱታል። ከሌለኝ እንደ ውሻ ልቀብረው ነው። ሰላሳ አንድ ዓመት አብሬው የኖርኩትን ሰውዬ!»

«ሙሉ፣ እኔ እዚህ ወንበር ገፊ ነኝ። ማንንም መያዝ አልችልም።»

«ማንንም አትያዢ። እውነቱን ብቻ አምጪልኝ።»

አሰፋሽ ብዙ ሰዎች እንዲህ ሲሏት ሰምታለች። እውነቱ ሲመጣላቸው ያመሰገኗት ሦስት አይሞሉም።

*

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ቅድስት ክፍሉን ከፈተችላት። ቅድስት ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ስድስት ዓመት በእውነተኛ ቅንጡ መርከብ ላይ ክፍል አሰናድታለች። ቦጋለ የቀጠራት ለዚህ ነው። በሱቁ ውስጥ ባሕር አይታ የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች።

«እንዳለ ነው እትዬ አሰፋሽ። ጠርሙሱን ፖሊስ ወሰደው። ሌላውን አልነካሁም፤ መግባት ራሱ ያስፈራኛል።»

አሰፋሽ ጫማዋን አወለቀችና ቀስ ብላ ዞረች። ከአልጋው አጠገብ ሁለት ብርጭቆ ተደፍቷል፤ አፋቸው ላይ ክብ ወረቀት ተገጥሟል።

«ይህ ወረቀት ምንድን ነው?»

«ብርጭቆው መታጠቡን የሚያሳይ ነው። እንግዳ ሊጠጣ ሲል ቀዶ ይጥለዋል።»

«የሚጠጣ ሌላ ነገር አለ?»

«ማቀዝቀዣው ባዶ ነው። ቧንቧው ውሸት ነው።»

«ስለዚህ አንድ ጠርሙስ ክኒን በምራቁ ዋጠ በይኛ።»

ቅድስት አፏን በእጇ ያዘች። አሰፋሽ ወደ በረንዳው አለፈች። ትንሽ ጠረጴዛ ላይ የሻምፓኝ ባልዲ ተቀምጧል፤ ውስጡ ደረቅ ነው። ከአጠገቡ በሸክላ የተተከለ አበባ። ወደ ባልዲው ያዘነበሉት ቅጠሎች ጠቁረው ተኮማትረዋል፤ በሌላው ጎን ያሉት ለምለም ናቸው።

«ይህ አበባ እውነተኛ ነው?»

«ክፍሉ ውስጥ እውነተኛው እሱ ብቻ ነው። ሰኞ ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ነበር። በረዶ የመታው ይመስላል አይደል? ግን ማሞቂያው ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል።»

ከወንበሩ ራስጌ ግድግዳው ላይ ስልክ አለ። አሰፋሽ ነካችውና ወደ አልጋው ተመለሰች። አልጋው መሃል ላይ፣ በመርከብ ላይ ለእንግዳ እንደሚደረገው፣ ከነጭ ፎጣ ታጥፎ የተሠራ ዝሆን ተቀምጧል። እግሮቹ ወፍራም፣ ጆሮዎቹ ሰፊ፣ ኩምቢው ወደ ታች የወረደ። ያዘነ ዝሆን።

«ይህን አንቺ ነሽ የሠራሽው?»

«እኔ?» ቅድስት ቀረብ ብላ አየችው፤ ፊቷ ተቀያየረ። «እኔ ሰኞ የሠራሁት ዝይ ነው። ቆይ፣ ፎቶ አለኝ።» ስልኳን ከፈተች። ሰኞ ከሰዓት በኋላ አራት ሰዓት ከአሥር፤ አልጋው ላይ አንገቷን የቆለመመች ዝይ። «እስካሁን ልብ አላልኩም። ደግሞ እኔ ኩምቢ ወደ ታች አላደርግም። መርከቡ ላይ ዋና አስተናጋጃችን ፊሊፒናዊት ነበረች፤ ኩምቢው የወረደ ካየች ታፈርሰዋለች። ለእንግዳው መጥፎ ዕድል ያመጣል ትላለች።»

«ዝይ በስንት ፎጣ ይሠራል?»

«በአንድ። ዝሆን ግን ሁለት ይፈልጋል፤ ትልቁ ለአካሉ፣ ትንሹ ለጭንቅላቱ።»

አሰፋሽ ዝሆኑን አነሣች። ከሥሩ፣ ሆዱ ላይ፣ ረጅም ጥቁር መስመር አለ፤ የመስተዋቱ በር የሚንሸራተትበት ሐዲድ የሚተወው ዓይነት ቅባት። የጭንቅላቱ ፎጣ ላይም እንዲሁ።

«ይህን ማን ይችላል?»

«አቤኔዘርንና ኖህን አስተምሬያለሁ፤ ለቅዳሜው ግብዣ። ሁለቱም ኩምቢው ላይ ይሰንፋሉ።»

አቤኔዘር የቦጋለ ሸሪክ ነው። ኖህ የቦጋለና የሙሉ ብቸኛ ልጅ፤ ሃያ አራት ዓመቱ፣ ተወልዶ ያደገው እዚሁ ነው።

«የምን ግብዣ?»

«መርከቡ ላይ የሚቀርበውን እራት ለደንበኞች ልናቀምስ ነበር። ሎብስተር የሚሉት የባሕር ምግብ፣ ሥጋ። ሰኞ ጠዋት በነጭ ሣጥን መጣ፤ ያ የሚጨሰው በረዶ ታሽጎበት። ቦጋለ ጭሱን ሲያይ እንደ ሕፃን አጨበጨበ።»

«አንቺስ ሰኞ ስንት ሰዓት ወጣሽ?»

«አራት ተኩል። ኤርፖርት ሁለተኛ ሥራ አለኝ። በበረዶው ምክንያት አንድ ሰዓት አረፈድኩ፤ ፌርማታ ላይ ብቻዬን ቆሜ…» ቅድስት ቆም አለች። «ምስክር የለኝም ማለት ነው?»

«የለሽም» አለች አሰፋሽ። «አትጨነቂ፣ እስካሁን ምስክር ያለው አላገኘሁም።»

ስትወጣ የመግቢያውን ስልክ አየችው። ቀይ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ተጫነች፤ አየች፤ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። ከዚያ የጥሪውን ድምፅ ፈተሸች። ዜሮ ላይ ነበር።

*

የቦጋለን ደንበኛ፣ ሾፌሩን መርጋን፣ ኢገን በምትባል አጎራባች ከተማ፣ የከባድ መኪኖች ማቆሚያ ላይ አገኘችው። ሰኞ ከሰዓት ቦጋለ ላይ ሲጮኽ የጥፍር ቤቱ ሰዎች ሁሉ ሰምተውታል።

«አዎ ጮኼያለሁ!» አለ ከመኪናው ሳይወርድ። «እትዬ፣ እኔ ለሃያኛ ዓመት ጋብቻችን ለሚስቴ በረንዳ ያለው ክፍል ነው የገዛሁት። ትኬቱ ሲመጣ ምን ይላል? መስኮት የለውም! ከሞተሩ በላይ! ሚስቴን አላስካ ድረስ ወስጄ ግድግዳ ላሳያት?»

«እና ምን አልከው?»

«"ባሕሩ አይደለም፣ እኔ ነኝ የማሰጥምህ" አልኩት።» ራሱ አፈረ። «እናቴ ትሙት፣ ንግግር ነው። እኔ ዋና ራሱ አልችልም።»

«እሱስ?»

«እሱማ አልሰማኝም! ስልኩን አንሥቶ "ሩም ሰርቪስ፣ ለክቡር እንግዳዬ ሻምፓኝ" ይላል። ልጁ ነጭ ጓንት አድርጎ፣ ባዶ ብርጭቆ በሰሐን ይዞ ይመጣል። እኔ ስናደድ እንደገና ይደውላል። ሦስት ጊዜ አመላለሰው። "ጎንበስ በል፣ ፈገግ በል፣ በመርከብ ላይ እንደዚያ ነው" ይለዋል፤ በእኔ ፊት። ልጁ በኮሌጅ የተማረ ነው እኮ። ሦስተኛው ላይ ዓይኑን አየሁት…» መርጋ መሪውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። «ተዪው።»

«አምስት ሰዓት ላይ የት ነበርክ?»

«እዚሁ መኪናዬ ውስጥ ተኝቼ። ብቻዬን።»

«ፎጣ ማጠፍ ትችላለህ?»

«ምን?»

«ፎጣ።»

«ሚስቴን ጠይቂያት። ካልሲ እንኳን አጥፌ አላውቅም፤ በዚህ ስንት ጊዜ ተጣልተናል!»

*

አቤኔዘር ሐሙስ ዕለት ደንበኞችን በስልክ ሲያረጋጋ ነበር። ሠላሳ አምስት ዓመቱ፣ ዲያቆን፣ ሱፉ ከመርከቡ ካፒቴን የተሻለ።

«ልትለየው ነበር አሉ» አለችው አሰፋሽ።

«ነበር። የራሴን ቢሮ ልከፍት። ነግሬዋለሁ፣ መርቆኛል… ማለት በራሱ መንገድ። "ያላንተም መርከቡ አይሰምጥም" ነው ያለኝ።»

«ሰኞ አምስት ሰዓት?»

«ቤተ ክርስቲያን። ምንጣፍ ሳጸዳ። ብቻዬን ነበርኩ፤ እግዚአብሔር ያውቃል።»

«እግዚአብሔርን ለምስክርነት መጥራት ያስቸግራል፤ ቀጠሮ አያከብርም። ቦጋለ ሰኞ ምን እያሰበ ነበር?»

«ጉም!» አቤኔዘር ሳቀ፤ ወዲያው ሳቁ ጠፋ። «ለቅዳሜ "የአላስካ ጠዋት" የሚል ቪዲዮ ሊሠራ ፈልጎ ነበር። በረንዳው ላይ ጉም ይሁን፣ እኔ በጉሙ መሃል ልጋደም አለ። ጉም ከየት ላምጣለት?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬ፣ በእኔ ላይ ሰው እንደሚያወራ አውቃለሁ። ግን እኔ ዲያቆን ነኝ። ሰይጣን አሳስቶኝ ሰው ብገድል እንኳን፣ የሰውየውን ነፍስ ከፍትሐት አላስቀርም። በደረጃ ወደቀ እላለሁ፣ ልቡ ቆመ እላለሁ። ማን ሐበሻ ነው ጨክኖ ራሱን አጠፋ የሚል?»

የአሰፋሽ እስክሪብቶ ቆመ። ቀና ብላ አየችው።

«ምነው? ምን አልኩ?»

«ምንም» አለች። «እግዚአብሔር ይስጥህ። ባትለኝ ይሻለኝ ነበር።»

ማታውን ከኖህ ጋር መኪናው ውስጥ ተቀመጠች፤ ለቀብሩ ፈቃድ ልትጠይቅ ወደ መጦሪያው የገባችውን እናቱን ሲጠብቅ። ዓይኖቹ ቀልተዋል። ጠዋት ጠዋት ኢገን ባለ ላቦራቶሪ የደም ናሙና ያሽጋል፤ ከሰዓት ለአባቱ ነጭ ጓንት ያጠልቃል።

«ሰኞ ስንት ሰዓት ወጣህ የኔ ልጅ?»

«ፋይቭ። ልክ ፋይቭ።»

«አባትህን ተሰናብተኸው?»

«የስ። ቢዚ ነበር።» ጣቶቹን መሪው ላይ አንከባለለ። «ካን አይ አስክ ዩ ሰምሲንግ? ማማ ሌሊት ሌሊት በስልክ ታለቅሳለች። ፍትሐት፣ ፍትሐት ትላለች። ምንድን ነው እሱ?»

አሰፋሽ በመስተዋቱ ወደ በረዶው አየች። «ሰው ሲሞት ካህናት የሚጸልዩለት ነው። ነፍሱ እንድትፈታ።»

«ኦኬ። ታዲያ ለምን አይጸልዩለትም?»

«ራሱን ላጠፋ ሰው አይጸለይም።»

ልጁ ወደ እሷ ዞረ። ለአፍታ ሰባት ዓመት የሆነው መሰለ።

«ኔቨር?»

«በጭራሽ።»

*

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዓት ላይ አምስቱንም በቦጋለ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሙሉ ጥቁር ለብሳ አልጋው ጫፍ ላይ፤ ቅድስትና አቤኔዘር ቁም ሣጥኑን ተደግፈው፤ መርጋ ጭንቅላቱ ጣራውን እየነካ፤ ኖህ በሩ ሥር። የእጅ ስልካቸውን እንደ ልማዱ ቅርጫት ውስጥ ትተው ገቡ። የሙሉ ብቻ እጇ ላይ ቀረ፤ ቀሲስ ይደውላሉ። ሟቹ በዚህ ክፍል ሁለት ሰው በምቾት ያድራል ይል ነበር። ስድስት ሰው በጭንቀት መቆም እንደሚችልም አሁን ታወቀ።

«ቦጋለ ራሱን አላጠፋም» አለች አሰፋሽ።

ሙሉ ዓይኗን ጨፈነች። «ተመስገን።»

«አታመስግኚ ሙሉ። ቀስ በይ።» ብርጭቆውን አነሣች። «ወረቀቱ አልተቀደደም። እዚህ ውኃ የለም። ክኒኑን አልዋጠም፤ ጠርሙሱን ሰው ነው ያስቀመጠው፣ ከሞተ በኋላ። ታዲያ በምን ሞተ? ይህን አበባ እዩት። ወደ ባልዲው ያዘነበለው ብቻ ጠቁሯል። ባልዲው ውስጥ በጣም የቀዘቀዘ ነገር ነበር፤ ሲያልቅም ውኃ አልተወም። የሎብስተሩ ሣጥን ይዞት የመጣው፣ ድራይ አይስ የሚሉት የሚጨስ በረዶ ነው። ቦጋለ ጉም ፈለገ፤ ጉሙን አገኘ።»

«ጭስ ይገድላል እንዴ?» አለ መርጋ።

«የዚያ ጭስ በጠባብ ቦታ ይገድላል። ከባድ ነው፤ ወደ መሬት ይወርዳል፤ ዝቅ ብሎ የተጋደመውን ሰው አየር ያሳጣዋል። ሬሳው ላይ የሚታይ ምልክት አይተውም። ጉሙ በበሩ ሥር እንዳያመልጥ ደግሞ አንድ ሰው ከአልጋው ላይ ዝይዋን፣ ከመታጠቢያው ትንሹን ፎጣ ወስዶ የመስተዋቱ በር ሥር ጠቀጠቀ። ጉልበቱ የታመመ፣ አየር ያነሰው ሰው ያን በር መግፋት አልቻለም። በኋላ ያ ሰው ተመለሰ። ሁለት የቆሸሸ ፎጣ እጁ ላይ ቀረ። ዝይዋ አልጋው ላይ መመለስ አለባት፤ ሁለተኛውስ ፎጣ የት ይግባ? ዝሆን ሠራው። ቅባቱን በሆዱ ደበቀ። ኩምቢውን ግን ወደ ላይ ማድረግ አልሆነለትም።»

ሁሉም ዝሆኑን አዩት። ቅድስት ማልቀስ ጀመረች።

«መርጋ አይደለም፤ ካልሲ ማጠፍ አያውቅም። ሦስት ሰው ይቀራል። ሦስቱም ምስክር የላቸውም። እዚህ ላይ ሁለት ቀን ቆሜ ነበር።» ወደ አቤኔዘር ዞረች። «መንገዱን ያሳየኝ ዲያቆኑ ነው። ሞትን ለመደበቅ ስንት ውሸት አለ! ልቡ ቆመ፣ ወደቀ፣ ሰከረ። ይህ ሰው ግን ከሁሉም ራስን ማጥፋትን መረጠ። አቤኔዘር አይመርጠውም። ቅድስት አትመርጠውም፤ በየዓመቱ የእናቷን ተዝካር የምታወጣ ልጅ ናት። ራሱን አጠፋ ማለት ነፍሱን መዝጋት እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ይህን የመረጠ ሰው ፍትሐት ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ነው።»

በደጅ ባቡሩ አለፈ፤ ክፍሉ ተነቃነቀ።

«ትናንት ማታ» አለች አሰፋሽ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ «ፍትሐት ምንድን ነው ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው ነው።»

ሙሉ ዞር አላለችም። ዓይኗ ዝሆኑ ላይ እንደተተከለ ቀረ።

«አምስት ሰዓት ወጣሁ አልከኝ ኖህ። የመግቢያው ስልክ ግን ሰዓት ይዟል። አምስት ከአሥራ ሁለት ላይ ከዚህ በረንዳ ተደወለ፤ ሰው አነሣው፤ ሃያ ሰከንድ። አምስት ከአሥራ ሦስት እንደገና ተደወለ፤ አልተነሣም። አምስት ከአሥራ ስድስት፤ አልተነሣም። የጥሪው ድምፅ ዜሮ ላይ ነው። ምን አለህ በሃያው ሰከንድ?»

ልጁ በሩን ተደግፎ ወደ ወለሉ ተንሸራተተ።

«አይ ቶልድ ሂም» አለ። «ፋይቭ ሚኒት ብቻ አልኩት። ሥራ ቦታ ናሙናውን በእሱ ነው የምናሽገው፣ ትሬኒንግ አለኝ፣ ዴንጀረስ ነው አልኩት። "አንተ አስተናጋጅ ነህ፣ ኢንጂነር አይደለህም፣ በሩን ድፈን" አለኝ። ደፈንኩት። ከዚያ ደወለ። "ሩም ሰርቪስ" አለኝ። ድምፁ… እንደ ሰከረ ሰው። አክቲንግ መሰለኝ እማ! ቀኑን ሙሉ ሲደውል ነበር። ሻምፓኝ፣ ሻምፓኝ፣ ጎንበስ በል። አምስት ደቂቃ ብቻ ይቆይ ብዬ ድምፁን አጠፋሁት። ሄድፎን አደረግሁ። ከዚያ… ሰዓቱ ስድስት ሊሆን ነበር።»

«ክኒኑን ለምን?» አለ አቤኔዘር በሹክሹክታ።

«የአባባ ክኒን ነው፤ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ነበር፣ ደፋሁት። ማንም ጥፋተኛ አይሆንም ብዬ። ኖባዲ። ሰው ሲያዝን ያደርገዋል፣ ሰዎች ያዝኑለታል፣ ያልቃል። ስለ ጸሎቱ አላወቅኩም። ማንም አልነገረኝም!»

«እኔ ነኝ ያልነገርኩህ» አለች ሙሉ። ከገባች ጀምሮ የተናገረችው ሁለተኛ ቃሏ ነው። «እሑድ እሑድ ፈረቃ ነበረኝ።»

አሰፋሽ ከሙሉ አጠገብ አልጋው ላይ ተቀመጠች። ድካሟ የሰባት በረራ ያህል ነበር። «አልገደልከውም ልጄ። ግን አልደረስክለትም፤ ከዚያ ደበቅክ። እዚህ አገር ለዚህ ስንት ዓመት እንደሚፈርዱ አላውቅም። ጥቂት አይሆንም። ሙሉ፣ እውነቱን አምጪልኝ አልሽኝ። ይኸው። ለቀሲስ ብትነግሪያቸው ነገ ይፈቱታል። ግን ቤተ ክርስቲያን ሙሉ ሰው እየሰማ "ሰው ነው ያጠፋው" ከተባለ፣ ማን ነው ማለቱ አይቀርም፤ እስከ ሰኞ ፖሊስ ቤትሽ ነው።»

«እኔ እነግራለሁ» አለ ኖህ። «ለአባባ ይጸልዩለት። እኔ…»

«ዝም በል።»

ስልኩ ጠራ። ሁሉም ደነገጡ፤ የግድግዳው ስልክ መስሏቸው ወደ በረንዳው ዞሩ። የሙሉ ነበር። አራት ሰዓት ሞልቷል። ሙሉ ልጇን አየችው፤ ከዚያ ወደ በረንዳው፣ ወደ ባዶው ወንበር አየች። ሦስት ጊዜ እስኪጠራ ጠበቀች።

«አቤት አባ… ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን… አዎ፣ አጣርተናል።»

አቤኔዘር እጁን ዘረጋ፤ አሰፋሽ በዓይኗ አስቆመችው።

«ራሱን ነው ያጠፋው አባ።» ዓይኗ ከባዶው ወንበር አልተነቀለም። «አዎ፣ እርግጠኛ ነኝ። ይቅርታ፣ ደጋግሜ አስቸገርኩዎት።»

*

ቅዳሜ ያለ ካህን ተቀበረ። ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ ነበር፤ መሬቱን በማሽን ነው የቆፈሩት። አቤኔዘር መጥቶ ነበር፤ የሬሳ ሣጥኑን ተሸከመ፣ ከንፈሩን ግን አላንቀሳቀሰም። ሰው ሁሉ ጫማውን እያየ ሲቆም፣ መርጋ ኮፍያውን አወለቀና በኦሮምኛ ጮክ ብሎ መጸለይ ጀመረ። ጴንጤ ነው፤ ለሙት መጸለይ በእሱም ቤት አይፈቀድም። ሙሉ አንድም ቃል ሳይገባት አሜን አለች። አሰፋሽ ከኋላ ቆማ እውነቱን እንደያዘች ቀረች። ለማን እንደምትሰጠው አላወቀችም።

በስምንተኛው ሳምንት ወረቀቱ በፖስታ መጣ። በደሙ ውስጥ መድኃኒት አልተገኘም፤ የሞቱ ምክንያት አልታወቀም ይላል። ሙሉ መኪናዋ ውስጥ፣ ከመጦሪያው ደጅ ሆና ሁለት ጊዜ አነበበችው። አርባው ካለፈ ከሁለት ሳምንት በላይ ሆኖታል።

ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ለኖህ ደወለች። ገና አንዴ ሳይጠራ አነሣው።

«ማማ? አር ዩ ኦኬ? ምን ሆንሽ?»

«ምንም አልሆንኩም።»

«ምን ላምጣልሽ?»

«ምንም አልፈልግም ልጄ» አለችው። «ዝም ብዬ ነው የደወልኩት።»

እሱ ግን አልዘጋም። እሷ እስክትዘጋ ጠበቀ።